ያዘለ ጀርባ

ሥራዬ ሸሚዝ ማየት ነው፤
ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ነጭ መብራት፣ ነጭ ጠረጴዛ፣
ሜትር አንገቴ ላይ፣ ቀይ ተለጣፊ ኪሴ ውስጥ።
የግራው ኪስ ከቀኙ ሁለት ሚሊ ከወረደ
ቀይ ነው፤ ይተርተር፣ ይመለስ።
ማንንም አልምርም።
መስመር ላይ ያሉት ልጆች ሲያሙኝ "ቀይዋ" ይሉኛል።

ዕጢው የወጣልኝ ጥቅምት ላይ ነው።
"ጡትሽን አትርፈንልሻል" አሉኝ፤
"መትረፍ" የሚለውን ቃል ሙሉ አድርጌ ሰማሁት።
ከዚያ አዲስ አበባ፣ የጨረር ወረፋ፣
እህቴ ሳሎን፣ መሬት ላይ ፍራሽ፣ ሃያ አምስት ቀን።
ስመለስ የተረፈው ቀስ በቀስ
ተኮማተረ፣ ጎደጎደ፣
ጫፉ ወደ ብብቴ ዞሮ ቀረ፣
ከኋላው ስሙን እንደጠሩት ሰው።

አንድ ሌሊት፣ ሶሊያና ከተኛች በኋላ፣ ሜትሩን አነሣሁ፤
ከአንገት አጥንቴ እስከ ቀኝ ጫፍ፣
ከአንገት አጥንቴ እስከ ግራ ጫፍ።
ልዩነቱ አርባ አንድ ሚሊ።
እንዲህ ያለ ሸሚዝ እጄ ገብቶ አያውቅም።
ቀዩን ተለጣፊ አወጣሁት፤
ሙጫው እስኪደርቅ ጣቴ ጫፍ ላይ ይዤው ቆየሁ።

"ነፍስሽ ተርፋ!" አለች አማቴ፤ "ለማን ልታሳዪው ነው?"
ለማንም።
የልጄን ካልሲ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሳልጠቀጥቅ
የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፌ ልወጣ፤
ሐይቁ ዳር ነፋሱ ልብሴን ገላዬ ላይ ሲለጥፈው
ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ሳላቅፍ ላልፍ።
ይኸው ነው። ይህ ቅንጦት ከሆነ
ቅንጦት አማረኝ።

ዶክተር ምሕረተአብ ወረቀት ላይ ሣለልኝ፤
እስክሪብቶው እምቢ ብሎ ሁለት ጊዜ አራገፈው።
"ከጀርባሽ ጡንቻ እናነሣለን፣ ከነደም ሥሩ፤
በብብትሽ ሥር አሹልከን ወደ ፊት እናመጣዋለን።"
"ከየቱ ጋ?" አልኩት።
"ከዚህ ጋ" አለ፣ ጣቱ ሳይነካኝ።

እዚያ ጋ!
ሶሊያና ጉንጯን ጥላ ያንቀላፋችው፣
ለሃጯን አዝረብርባ ቆዳዬን ያራሰችው፣
በትኩሳት ስትነድ፣ በዝናብ፣ ከታቦር ግርጌ
እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ እዚያው ላይ ነበረችው።
ያጠባው ጎን ሲጎድል
ያዘለው ጎን ይሙላ አሉኝ።
ይሙላ።
ይህን ብቻ ሳልለካ ፈረምኩ።

ስነቃ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከጎኔ ተንጠልጥሏል፤
በፌስታል ይዣቸው ኮሪደሩን ተመላለስኩ፣ እንደ ገበያተኛ።
በመስኮት ማዶ አንድ አባ ኮዳ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ፣
መላጣ፣ ትከሻው የተሰበሰበ፣
ውጤቴን የሚያውቅ ግን የማይናገር ሐኪም ይመስላል።

አሁን የሼዱን ከባድ በር ስገፋ፣
ባጃጅ ውስጥ ብረቱን ጨብጬ ስጎተት፣
ግራ ጡቴ ብድግ ይላል፤
ጀርባነቱን አልረሳም።
ሶሊያና አይታ በሳቅ ወደቀች፤
"እማዬ፣ በናትሽ ድገሚው!"
ደገምኩላት። በሩ ሳይኖር፣ ግድግዳውን ገፍቼ።

እንደ ድሮው አይደለም።
ቆዳው ብርድና ሙቀት አይለይም፣
የጀርባዬ ጠባሳ ዳመና ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል።
ያልለካሁት ይመስላችኋል?
ስድስት ሚሊ።
በገዛ ሕጌ አሁንም ተመላሽ ነኝ፤
ግን የምመለስበት ቤት የለም፣ እዚሁ ነኝ።

ትናንት አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ
ሦስት ሚሊ ጎድሎ ፊቴ ቀረበ።
አንገቱን ዳበስኩት፣ ኪሱን ዳበስኩት፣
ቆየሁ።
ከዚያ ቀዩን ለጠፍኩበት።
ሥራ ሥራ ነው።