የ«ሌ» ቀለበት

«ቀጥኗል» አለች ሙሉሸዋ፣ ጓንቷን በጥርሷ እያወለቀች፣
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ በረዶው ብርሃን እያስጠጋች።
«ከሳርጀንት ጎዳና ማዶ ቆሜ አየሁት፣
የሸረሪት ክር ነው የመሰለኝ፤
ሰው ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ በዊኒፔግ ብርድ፣ በእኩለ ሌሊት፣
በዚች ክር ነው እንዴ የሚጠራኝ?
አወፍሪልኝ።»

ጎታች መኪናዋ ውጭ ይንዘፈዘፋል፤
ሞተሩን ካጠፋችው ማን ያስነሣዋል?

ይህ ፊደል ከሠሪው እጅ ሲወጣ ብቻውን ነው የወጣ፤
ወፍራም ወንድም አልተወለደለት፣ የሚተካው በጨለማ ጣጣ።
ምን ላድርግ? ጠርዙን መረጥኩና
ጥቁር መስመር ደረብኩበት፣
በብርድ ካፖርት እንደሚደረብ፤
አንድ ነጥብ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አራት ላይ ደመቀ። ደረቱን ነፋ።
«ሌሊትም እንጎትታለን» —
ጎረምሳ መሰለ፣ መንገድ የሚዘጋ።

ሮዴል ፕሎተሩ ዘንድ ቪኒል ይጠቀልላል፤
የማኒላ ልጅ ነው፣ ሀሁ አይቆጥርም፤
ለእሱ ፊደላችን ወንበር ነው፣ መሰላል፣
የቁልፍ ሥዕል፤ ድምፅ የለውም።
ቀና አለ። አንገቱን አዘመመ።
«እነዚህ ሁለቱ ጠዋት ይለያዩ ነበር» አለ፣
በጣቱ ከፊት ያሉትን እየነካ፣
«አሁን መንታ ናቸው?»

የ«ሌ» ቀለበት ጠፍቷል ለካ!
ጥቁሩ ከዙሪያዋ ገብቶ ቀዳዳዋን ደፍኖ፣
ሃምሱ ሣልስ ሆኖ፣
«ሊሊትም» ይላል።
ማን ናት ሊሊት? የማን ልጅ? ማንስ ይጎትታታል?
የ«ም» ሁለት ዓይኖች እንደ ተሸነፈ ቦክሰኛ አብጠዋል፤
የ«ጎ» ክብ ኪንታሮት መስሏል።

እኔ ወደ ውጭ ያደገ መስሎኝ፣
መስመሩ ወደ ውስጥም ይበላ ኖሯል።
ያበጠ እግር ወፈረ አይባልም፤
ሐኪም ያየዋል።

ወደ ቅጥነቱ መለስኩት።
መስመሩን ቅርጽ አደረግኩ፤ ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ተሰለፉ፤
የውስጦቹን ብቻ እየያዝኩ ወደ ኋላ ሳብኩ፣
ቀለበቶቹ እስኪሰፉ።
ቋሚውን አከበድኩ፣ አግዳሚውን እንዳለ ተውኩት፤
በፊደልና በፊደል መሃልም ትንፋሽ ጨመርኩለት፣
ወፍራም ሰዎች አንድ ወንበር ሲጋሩ
«እስቲ ትንሽ ፈቀቅ» እንደሚባባሉት።

ምሳ አለፈ። ሁለቴ ደወለች፤
«በሬ ባደልብ እስካሁን በደረሰልኝ» አለች።

ማታ ሮዴል ቆረጠው። በወረንጦ
የቀለበቶቹን ሆድ አንድ በአንድ ለቀመ፤
የማያነበውን ቃል፣ ትንፋሹን ውጦ፣
እንዳይቀደድበት እየታመመ።
መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ አሙቀን በሩ ላይ ለጠፍነው።

ሙሉሸዋ መንገዱን ተሻገረች። መነጽሯን አወለቀች።
ከማዶ ድምጿ መጣ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ፤
«ሌ! ሊ! ት! ም!»
ዋጋው ላይ ልትከራከር ነበር፤ ስልኳ ጮኸ፣
አንዱ ፖርቴጅ ላይ ተሰንቅሯል፤
ግማሹን ከፍላ ሄደች።

እጄን ስታጠብ ክርኔ ላይ አገኘኋት፣
የምስር ፍሬ የማታክል ጥቁር ክብ፣
ከ«ሌ» እግር የወጣችው።
ልጥላት አልኩ፤
የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኳት።