ማሳው የት አለ?

ሱቄ ሂርማታ ነው፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፤
ክረምቱ ገብቷል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል በዝናብ።
በመጽሔት ወረቀት መስመሩን አትሜ፣
በካውያ ለጥፌ፣ በአሲድ አክሜ፣
ቀጫጭን መንገዶች ብቻ እያስቀረሁ
የተረፈውን መዳብ ሙልጭ አድርጌ አጠብሁ።

ለሠርግ የታዘዘው አምፕሊፋየር ግን
መንዙማው ሳይጀምር ያጉረመርማል እንደ ንብ ቀፎ።
ሽቦ ቀየርኩለት። ሰደብኩት። ያው ነው።

ሙኒባ፣ የእህቴ ልጅ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የምትማር፣
ሰሌዳውን ወደ አምፖሉ አንሥታ ስትመረምር
«አጎቴ፣ ማሳው የት አለ?» አለችኝ።

የኮረንቲ መመለሻ ነው፤ ከጋራዥ የመጣ ቃል፣ አውቃለሁ።
እኔ ግን ማና ያለውን የአባቴን ማሳ ሰማሁ፦
ለአራት ወንድማማች በአራት አጥር ተቆርሶ፣
ወደ ምንጩ የሚያወርደው መንገድ ፈርሶ፣
ውኃ ቀጂ ዞራ፣ የጎረቤት ደጅ ረግጣ
እንስራዋን ይዛ ማታ የምትመጣ።

«የሄደ ኮረንቲ መመለሻ ይሻል፤
መንገድ ካሳጣኸው በሰው ደጅ ይጮኻል።
መዳቡን አትጠበው፤ ከጀርባ ሙሉውን ተወው፤
አሲድም ይተርፍሃል።
መሐል ለመሐል ግን ቦይ እንዳትቀድበት።»

እንደገና ሣልኩ።
ያልነካሁት መዳብ ቀልቶ ተኛ፣ እንደ ማና አፈር፤
በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁት፣
በሽቦ ሰፋሁት ከላይ እስከ ሥር።

አበራሁ።
ዝም።
ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩ፤ ዝናብ ብቻ።

ለታላቄ ለነስረዲን ደወልኩ፣ ስለ አጥሩ ላወራ፤
አላነሣም። ተኝቶ ይሆናል።
እኔም ሳላጠፋው ቁጭ አልኩ፤
ምንም የማይል ነገር ሳዳምጥ አመሸሁ።