ቆዩ

ከድሬ ተላከ ማኅተም ያለው ቅጽ፤
“የከተማው መሥራች፦” ይላል በፊት ገጽ።
ከጎኑ ላንድ ሰው ስም የተተወች መስመር፣
ምን ብዬ ልሙላባት? ከማንስ ልጀምር?

እኛን የቆረቆረን ሰው አይደለም፣ ብረት፤
ከሺኒሌ ወዲያ ጥላ የሌለበት፣
የጭነት ባቡሩ እግሩ የወለቀበት።

“ቆዩ” አለ መካኒኩ፣ እጁን እየጠረገ፤
“ዕቃው ከጅቡቲ ነው” ብሎ ፊቱን ሸሸገ።

ቆዩ።

በሁለተኛው ቀን ደሀቦ ሮብሌ
የግመል ወተቷን ጭና ከሺኒሌ፤
በአምስተኛው ደግሞ አው ዘከሪያ ከሐረር፣
ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ዱቤ በደብተር።
ፍሬን ያዡ ወልደሰማያት ሥራ ሲፈታ
መሬት ይቆፍራል ከጠዋት እስከ ማታ፤
በሃያ አንደኛው ክንድ ውኃ አገኘ፣
ጨው ጨው ይላል፣
ግን ውኃ ነው።

ዕቃው መጣ በአርባ ቀን፣ ባቡሩ ነጎደ፤
ግማሹ ተሳፈረ፣ ግማሹ ለመደ።
ድሬ ላይ ሲጠየቅ፣ “ሰዎቹስ?” “ቆዩ” ነው፤
ይኸው ወሬ ዞሮ ስማችን የሆነው።

የአው ዘከሪያ ደብተር ሆነ መዝገባችን፣
ሟቻችን በአቡጀዲ፣ በስኳር ልጃችን።
ውዱእና ጠበል ካንድ ጉድጓድ ሲቀዳ
በወረፋ ሙግት ዘመድ ሆነ ባዳ።
እኔም ሀ ሁ ያልኩት አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ነው፣
ከቀትር በኋላ ብረቱ የሚፋጀው።

ከዚያ ባቡሩ ሞተ። ማንም አልነገረን።
አንድ ሳምንት ሙሉ ፉጨት ስንጠብቅ ከረምን፤
ሐዲዱን ፍየሎች ተኙበት፣ ቀጥሎም
ሌሊት ሌሊት እየተነቀለ ሄደ፤ ማን እንደሆነ እናውቃለን፣
አንናገርም።

አሁን አዲሱ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚስበው፣
በሩቁ ይበራል፤ የሚያቆመው ማነው?
ልጆቻችን ወጥተው ያውለበልባሉ፣
“አንድ ቀን ይሰበር” ብለው ይጸልያሉ።

ደሀቦን ጠየቅኋት፣ “መሥራቹን ማን ልበል?”
ዓይኗ አያይም፣ ጆሮዋ ግን ስል ነው እንደ ስል፤
“እኔ ምን አውቃለሁ? ያ መካኒክ፣ ያ ሰው፣
የሦስት ቅል ወተት ዋጋ አለብኝ እንዳለው፤
እሱን ጠብቄ ነው።”

መስመሯ ላይ እንግዲህ “ቆዩ” ብዬ ጻፍኩኝ፣
ሌላ ምንም አልጨመርኩ፣ ማኅተሜን መታሁኝ።
በሳምንቱ ጸሐፊው ከድሬ ደወለልኝ፤
“ቅጹ ደርሶናል” አለ። ዝም አለ። ከዚያም፦
“እስከ መቼ?” አለኝ።