ቀሪ የለም

በኮላም ባሕር ዳር፣ በካሹ ፋብሪካ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሌሊቱን ሲለካ፣
መብራት ሄዶ ነበር፤ ፋኖስ አስጠግታ፣ መዝገብ ያዧ ፓንካጃክሺ
አስር የናስ ቁጥር ትደረድራለች፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ።
አስር ብቻ ብለህ እንዳትንቃቸው፤
ቦታ ሲለዋወጡ ሰልፋቸው ያልፋል ሦስት ሚሊዮን ከስድስት መቶ ሺ።

ጠዋት እያንዳንዷ ሴት ናሷን ከሚስማሩ ታነሣለች፤
ያላነሣችውን፣ እሷ በቀይ ቀለም «ቀሪ» ትላለች።
የሰባት ቁጥር ናስ እንደተሰቀለ ክረምቱ ገባበት፤
የታንካማ ነበር። የካሹ ቅርፊት ዘይት መዳፏን ላጠባት።
ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ።
አስራ ስምንት ቀን፣ በቀይ።

«የፊቱ ለአንድ ሰው፣
የፊት ሁለቱ ለሁለት፣ የፊት ሦስቱ ለሦስት፣
እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ አስር ቢካፈል፣
አንዲት ፍሬ ሳትተርፍ፣ አንዲት ሳትጎድል፣
እንዲህ ያለ ሰልፍ ይኖር ይሆን?» አለች።

ዜሮን ከጅራት አኖረች፤ የጠራጊዋ የሊሲ ናት፣
ብቻዋን ምንም ናት፣ ከኋላ ስትቆም ለአስር የምትበቃ እናት።
አምስትን ከአምስተኛው። ጎዶሎ በጎዶሎ ወንበር፣ ሙሉው በሙሉ።
ሦስት አበጠረ፣ አራት አንገዋለለ፣ ስምንት ነፋ፤
ያ ሁሉ ሚሊዮን እንደ ገለባ ጠፋ።
አስር ሰልፍ ተረፈ፤
አስሩም ሄደው ከሰባት ደጅ ቆሙ።

ሰባት ግን ሰባት ናት፤
መጨረሻዋን አይተህ አትይዛት፣ ደምረህ አትደልላት፤
እጅህን አጥፈህ፣ እስኪነጋ፣ ማካፈል ነው ያለህ።
ከዘጠኝ ጀምሮ እንደ ደረጃ ወርዶ ዜሮ የደረሰው፣
ያ መልከ መልካሙ፣
አምስት ተረፈው። ሂድ ተባለ።
ሌላው ሁለት፣ ሌላው አራት፣ ሌላው ስድስት፤
ዘጠኙም ዝናብ ላይ ወጡ።

አንዱ ገባ፦
ሦስት ቢሊዮን፣ ስምንት መቶ አስራ ስድስት ሚሊዮን፣
አምስት መቶ አርባ ሰባት ሺ፣ ሁለት መቶ ዘጠና።
ጣቷን አስኬደች በናሶቹ ላይ፦ ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ፣
ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣
ከዚያ ቆመች።
ሰባተኛው ወንበር ላይ ሰባት።
ማንም አላስቀመጣት፤ ሂሳቡ ነው የጠራት።

ሲነጋ በመዝገቡ፣ በጥቁር ቀለም፣
በታንካማ ስም ትይዩ ጻፈች፦ ቀሪ የለም።

ተቆጣጣሪው ኩሪያን መጣ፤ ሴቶቹን ቆጠረ፣ ዘጠኝ።
እንደገና ቆጠረ። ዘጠኝ።
«አንቺ ሴትዮ፣ ሂሳብ አታውቂም» አለ፣
የግማሽ ቀን ደሞዟን ቆረጠ፣ ፈረመ፣ ዞረ።

አልተከራከረችም።
ማታ፣ በታንካማ ጎዳና፣ በጭቃው ዳር ዳሩን ስትራመድ
ነጠላ ናስ በመሀረቧ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤
ፋብሪካው ውስጥ፣ ከዘጠኝ ናስ መሀል፣
አንድ ባዶ ሚስማር።