አይመጣም

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
ውርጭ የቆሙትን መኪኖች መስታወት አልብሷል፣
እኔ መስኮት ከፍቼ
በቀሚሴ ጫፍ ላቤን እጠርጋለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት በጠመኔ አቧራ
የሕዋስን ጓዳ ስስል፣ ሳብራራ፦
«ብዙው ሆርሞን፣ ልጆች፣ ደጅ ሲጠና ያድራል፤
ኢስትሮጅን የስብ ዘመድ ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል።
ከኒውክለሱ ውስጥ ተቀባዩ ፕሮቲን
እቅፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቅ እሱን፤
ሲገባለት ጊዜ እንደ ሙዳይ ይገጥማል፣
መልኩ ይለወጣል፣ አቻውን ይይዛል፣
ዲኤንኤው ላይ አርፎ
የታጠፈ ገጽ ገልጦ ያስነብባል።»

ሌንሴ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ እንግዳው ቢቀርስ?
ተቀባዩ ምን ይሆናል?»
«ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።
ክፍሉ ሳቀ። ደወል ተደወለ።

አሁን ሃምሳ አንድ ሞላኝ።
ሰው ካልገባበት ብሎክ በታች ዘበኛው ያስላል፤
ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ።
በአጥንቴም፣ በጭንቅላቴም
ክዳኑ እንደተከፈተ ያደረ ስንት ሙዳይ አለ።

ሌንሴ፣ ያለሽበት ይድረስሽ፣
መልሱን ዘግይቼ አገኘሁት፦
ይጠብቃል።
ሲጠብቅ ደግሞ
ያልበዋል።