የታችኛው ማብሪያ

ጠባሴ ውርጭ አድሮበታል፤ የሱቄ ቁልፍ ጣት ያጣብቃል፤
ሸዋንግዛው ግን ከእኔ ቀድሞ ደጃፉ ላይ ይጠብቃል፤
በግራ ብብቱ ሣጥን፣
ቀኝ እጁ ከጋቢው ውስጥ።
«ራዲዮ ነው?» አልኩት። «አይደለም» አለ፣ ፈገግ ብሎ በገደምዳሜ፤
«ጌም መጫወት አማረኝ፣ በዚህ በሽበት ዕድሜ።»

የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የሱፍ ማበጠሪያው ጥርስ፣
አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ወስዶበታል፣ ዓመት ሊደርስ።
የሱቅ ጆይስቲክ ደግሞ፣ ያው እንደምታውቁት፣
ያለ አውራ ጣት አይታዘዝም፣ ቢለምኑት ቢያባብሉት።

የማውቀው ከድሮ ነው፤ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣
ከጌም ቤቱ አግዳሚ፣ ሃምሳ ሳንቲም ጨብጠን ስንገባ።
እኔ ወንበሬ ሳይሞቅ እሱ ጉልበቴን ይጨርሳል፤
አንዴ ዘሎ ይረግጠኛል፣ አንዴ እሳት ይተኩሳል።
ሦስት ክረምት ሙሉ አንድ ዙር እንኳ ሳልበላው፣
የዳቦዬን ሳንቲም በላ፤ ይሄን አሁን ማን ያውራው!

ሣጥኑን ከፈትኩት። ከአሮጌ የጽድ ሳንቃ በግራ እጁ ገጥሞታል፤
ስድስት ቀዳዳ በስቶ ጠርዙን በብርጭቆ ስባሪ ፍቆታል።
ቀዳዳዎቹ ግን ሰልፍ አያውቁም።
መዳፉን አስቀምጦ፣ ዙሪያውን በከሰል ነድፎ፣
ሦስቱ ጣት የሚያርፍበትን ነው የበሳው፣ የሌሉትን ዘልሎ፣ አልፎ።
ለዘንጉ አናት የወይራ ድቡልቡል ጠርቧል፤
በቅቤ አሽቶት ያበራል።

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ሬሳ ማብሪያዎቹን ነቀልኩለት።
ካውያው እስኪግል እጃችንን አሞቅንበት።
ማብሪያ ሁሉ ሁለት እግር አለው። አንደኛው የግሉ ነው፤
ቀዩም፣ ቢጫውም ሽቦ በየጉዳዩ የሚልከው።
ሌላው ግን የጋራ ነው፤ ጥቁሩን ሽቦ መሬት ይሉታል፤
ከወገብ ወገብ እንደ መቀነት እየዞረ ሁሉን ያስራል።
በዚህ አገር ለአንድ ስንዝር መሬት ስንቱ ወንድማማች ተካሰሰ፤
ከሣጥኗ ውስጥ አሥር ሆነው ተካፈሉት፣ ማንም ድንበር አላፈረሰ።

አመሻሽ ላይ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘን።
«ዝለል» ቢለው ሰውዬው ቁጢጥ አለ፤
«ቁጢጥ በል» ቢለው ዘለለ።
ሸዋንግዛው በሳቅ ፈረሰ፤ «ይሄስ የእኔን አለቃ ይመስላል!»
እኔ አልሳቅሁም፤ ሙያ ሲያሳፍር ጆሮ ያግላል።
እርሳሱን ፈተሽኩ፣ ጤና ነው። ሽቦውን ጎተትኩ፣ ጤና ነው።
ገለበጥኩት። ሆዱን ከፍቼ ዘንጉን በቀስታ ገፋሁት፤
ያኔ ነው ያየሁት።
ዘንጉ የታሰረው ከወገቡ ነው።
ራሱ ወደ ላይ ሲያጋድል፣ እግሩ ወደ ታች ይመታል፤
የ«ላይ» ትእዛዝ ከታችኛው ማብሪያ ይወጣል።
ሃያ ዓመት ሽቦ ስቀጥል ይሄን የነገረኝ የለም፤
ወይ ነግረውኝ ይሆናል፣ ከላይ ሆኜ አልሰማሁም።

ሽቦዎቹን አቀያየርኩ።
ዘለልኩ፣ ከአየር ላይ ለቀመኝ፤ ቀረብኩ፣ ጠረገኝ፤
ላዝንለት ነበር ሐሳቤ፣ ለሐዘኑም ጊዜ አልሰጠኝ።
ሦስቱ ጣቶች ይንጣጣሉ፣ በረዶ በቆርቆሮ ጣራ፤
ግራው ወይራዋን ጨብጧል፣ እንደ ጥንቱ እየኮራ።
አንደኛውን ዙር በላኝ። ሁለተኛውን እኔ በላሁ።
ለቀቀልኝ ይሆን? አልጠየቅሁም፤
ሠላሳ ዓመት የጠበቅኋት ናትና፣
እንደ ጉርሻ ዋጥኋት።

ሦስተኛው ላይ፣ የሁለታችንም ጉልበት ክር ሲያክል፣
መብራት ሄደ።

ከጨለማው ውስጥ ማብሪያዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ፤
እጁ ገና አላመነም።
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።
«የዳቦዬን ሃምሳ ሳንቲም።»
«እሷንማ አሸንፈህ ውሰዳት» አለ፤
«መብራት ይምጣ ብቻ።»