ያልተገፈፈ አረፋ

ዳቶንግ ላይ ክረምቱ ከሰል ነው የሚያስነጥስ፤
በረዶው በነጭ ወርዶ በጥቁር ነው የሚፈስ።
እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣
የእመት ቺያው መድኃኒት ቤት ነበር ትምህርት ቤቴ፤
መሳቢያው ሦስት መቶ፣ ስሙ በቀለም የተጻፈ፣
ግማሹ በጣት ብዛት የረገፈ።

ማሁዋንግ ከሰሜን ይመጣል፣ ከአሸዋው ዳር፣
ቅጠል አልባ፣ መጥረጊያ የመሰለ ሣር፤
ደርቆ ሲከርም ይበልጣል ይሉታል ከእርጥቡ፤
«ግንዱ ይከፍታል፣ ሥሩ ይዘጋል» ነበር ደንቡ።
ደግሞም፦ «ቀድመሽ ለብቻው አፍዪው፣
አረፋው ብቅ ሲል፣ ልጄ፣ በማንኪያ ግፈፊው፤
አረፋው ልብ ያስጋልባል፣
የጠጣው ሰው ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል።»

ዶንግ ባዎሹ መጣ፣ ከሰል ቆፋሪው፣
ጉንፋን ይዞት ሰንብቶ፣ ተደፍኖ መተንፈሻው።
«እመት» ሊል ሲጀምር «እበት» ሆነ አፉ ላይ፤
እኔ በሳቅ ዞርኩኝ ወደ ግድግዳው፣ እንዳልታይ።
ስመለስ ምንቸቱ ጸጥ ብሏል፣
አረፋው ተመልሶ ከውኃው ተዋህዷል።
አጠለልኩት። ሰጠሁት። ጭልጥ አርጎ ጠጣና
ኮሌታውን አቁሞ ወጣ በብርዱ ጎዳና።

በማግሥቱ ሱቁን ሳንከፍት ቆሞ አገኘነው ከደጁ፤
ዓይኑ ፍም መስሏል፣ ይንቀጠቀጣል እጁ።
«እመት» አለ። ጥርት ያለ «መ»።
ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልቤ አፌ ላይ ቆመ።

«ተከፍቷል» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቷል።
የጎረቤቱ ነጭ ሽንኩርት፣ የምድጃው ዝገት፣ ሁሉም ይሸተኛል።
የሚስቴን ትራስ መንፈቅ ሙሉ ውኃ አላስነካሁም፤
ጠረኗ እዚያ አለ ብዬ፣ ታፍኜም ቢሆን አልሰጋሁም።
ትናንት ፊቴን ቀብሬ ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።
ጥጥ ነው የሸተተኝ።
ጥጥ ብቻ።
ሥሩ ይዘጋል ትሉ የለ?
በሉ እንግዲህ ሥሩን ስጡኝ፣ እንደ ቀድሞው ይዝጋልኝ።»

እመት ቺያው እጁን ይዛ ትርታውን አዳመጠች፤
ሁለት ደንበኞች መጥተው እስኪሄዱ አልለቀቀች።
«ሥሩ ላብ ነው የሚዘጋው» አለችው፣ «አልተማረም ሌላ።»
ዋጋ አልተቀበለችም። ትኩስ አጥሚት ቀዳችለት፣ እህል እንዲቀምስ ብላ።

ስለ አረፋው ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ መሳቢያው የእኔ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤
ምንቸቱ መንተክተክ ሲጀምር ግን ያ ጠዋት አይለቀኝ።
ያን ሌሊት ያስነጋው አረፋው ይሆን? ጥጡ?
ማንኪያዬ ላይ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ይፈነዳል።
እደፋዋለሁ።